ዴሞው ነው አልበሙ

እሺ፣ ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ፣ እንጀምር።

እንደምን ዋላችሁ ጓደኞቼ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በቤት ስቱዲዮ ከዴሞ እስከ አልበም» ሚል ነው፣ አራት ነገር እንድነካ ነው የተነገረኝ፤ ዴሞ ማለት የሙከራ ቅጂውን መቅዳት፣ ክፍል ማዘጋጀት፣ ሚክስ ማለት የተቀዱትን ድምጾች ማመጣጠን፣ ከዛ መልቀቅ። አራቱንም ጽፌያለሁ፣ ወረቀቱ ይኸውላችሁ። ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ሰአቴን ማጠፋው የመጀመሪያው ላይ ነው፣ የመጣሁትም ለሱ ነው። ሌሎቹን ሶስቱን ኢንተርኔት ላይ ማንም ያስተምራችኋል።

ነገሩ ምንድነው፣ ዘፈኑ ገና ትኩስ እያለ የቀዳችሁት ድምጽ፣ ያ ሰው እንዳይሰማባችሁ ምትደብቁት ፋይል፣ ብዙ ጊዜ ከሱ በኋላ ከምትቀዱት ሁሉ ይበልጣል። እና እየጣልነው ነው። አልበም ልንሰራ ስንነሳ መጀመሪያ ምናደርገው ነገር እሱን መጣል ነው።

ለምን እንደሚበልጥ ላስረዳ፣ ምትሃት አይደለም። አዲስ ዘፈን ስትዘፍን ቀጣዩ ስንኝ እንዴት እንደሚወጣ ገና አታውቀውም፣ እየፈለግከው ነው፣ ድምጽህ ይጠነቀቃል፣ ትንፋሽህ ሀሳቡ ሲያልቅ ነው ሚያልቀው። ማንም አይሰማኝም ብለህ ስለምታስብ ለሰው እንደምታወራ ነው ምትዘፍነው። ከወራት በኋላ ያንኑ ዘፈን ማይክ ፊት ቆመህ ስትደግመው ግን ስራህ ሌላ ሆኗል፣ የራስህን ዴሞ እያስመሰልክ ነው፣ «እዚች ጋ ትንሽ ሰበር አድርጌያት ነበር» እያልክ ያቺን ሰበር ለማምጣት ትታገላለህ፣ አትመጣም። ባለሙያዎቹ «ዴሞአይቲስ» ሚሉት በሽታ አላቸው፣ ዘፋኙ ዴሞውን ደጋግሞ ሰምቶ ስለለመደው ነው አዲሱ ማይጥመው ይላሉ። አዎ፣ እንደዛ ሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ግን ዘፋኙ ልክ ሆኖ ባለሙያው ሚሳሳትበትም ጊዜ አለ እኮ፣ ለዛኛው በሽታ እስካሁን ስም አላወጡለትም።

ብሩስ ስፕሪንግስቲንን ታውቁታላችሁ፣ ስታዲየም ሚሞላው አሜሪካዊ ዘፋኝ። እንደ ፈረንጆቹ በ1982 መጀመሪያ ላይ ኒው ጀርሲ ውስጥ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ቁጭ ብሎ አዳዲስ ዘፈኖቹን ቀዳ። እቃው ምን ነበር? ቲአክ በ1979 ያወጣት ፖርታስቱዲዮ 144 ምትባል ባለ 4 ትራክ፣ ማለት አራት ድምጽ ለየብቻ ምትይዝ፣ ካሴት መቅጃ እና ሁለት ሹር ኤስኤም57 ማይክ፣ በቃ። ያው ኤስኤም57 ነው፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንታችሁ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ሀሳቡ አልበም መስራት አልነበረም፣ ዘፈኖቹን ለባንዱ ሊያሰማ ነው፣ ስቱዲዮ ገብቶ ጊዜ እንዳያባክን። ካሴቷን ማህደር እንኳን ሳይኖራት ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞር ነበር፣ አስቡት፣ ኪሱ ውስጥ፣ ከቁልፍ ጋር ይሁን ከምን። ከዛ ባንዱን፣ ኢ ስትሪት ባንድን፣ ይዞ ስቱዲዮ ገባ፣ እነዛ ሰዎች መጫወት አይችሉም ሚል ካለ እጁን ያውጣ፣ ግን ብዙዎቹ ዘፈኖች እምቢ አሉ። ቢሞክሩት ቢሞክሩት ካሴቷ ላይ ያለው ነገር አልመጣም። በመጨረሻ ያቺው የኪስ ካሴት ራሷ አልበም ሆና በዛው አመት ሴፕቴምበር ወጣች፣ ኔብራስካ። ወደ ሸክላ ለማዞር ማስተሪንግ፣ ማለት የመጨረሻው የድምጽ ዝግጅት ላይ አሳራቸውን ነው ያበላቻቸው፣ እንደዛ ተብሎ የተቀዳ ነገር አይደለማ! ግን ወጣች፣ ይኸው ዛሬም ይሰማል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ከነዛው ዴሞዎች ውስጥ ከባንድ ጋር የተሻለ የሆነም ነበር፣ እሱ በኋላ ሌላ አልበም ላይ ገባ። ስለዚ ሰውየው ዴሞ ሁሉ ቅዱስ ነው አላለም። ሁለቱንም ሰማና የቱ እንደሚነካ ጆሮውን አመነ፣ ያደረገው ይሄንን ነው።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ላምጣ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ናት፣ አስፈቅጄያታለሁ፣ ስሜን ብቻ አትጥራ ብላኛለች። ያቺን ስለ እህቷ የጻፈችውን ዘፈን የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ዘፈኑ የመጣላት ሌሊት ነው፣ ቤተሰብ ተኝቷል፣ ጮክ ማለት አትችልም፣ ስለዚ ማይኩን ከንፈሯ ጋ አስጠግታ በሹክሹክታ ነው የዘፈነችው። ማይኩ ደግሞ ካርዲዮይድ፣ ማለት ከፊቱ ያለውን አጉልቶ ሚሰማ ስለሆነ፣ እንደምታውቁት እንደዚ ሲጠጉት ወፍራሙን ድምጽ ይጨምራል፣ እና ጆሮህ ስር ሆና ሚስጥር ምትነግርህ ነው ሚመስለው። ፍሪጁ ይሰማል፣ መሀል ላይ ወንበር ይንቋቋል። እና ይሄን ይዛ አንድ ስቱዲዮ ሄደች፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውዬው ጥቂት ሰማና «ይሄን ለማስታወሻ ያዢው፣ አሁን ወደ ስራ እንግባ» አላት። ወደ ስራ! የሌሊቱ ምን ነበር ታዲያ? ክሊክ፣ ማለት ምቱን ሚቆጥረው ድምጽ ተደረገ፣ ድምጽሽ እላይ ነው ሚያበራው ተብሎ የዘፈኑ ቁልፍ፣ ኪዩ ማለቴ ነው፣ ከፍ ተደረገ፣ ያ ሁሉ ውድ ማይክ ተደረደረ፣ በሙሉ ድምጿ ዘፈነች፣ ከዛ ማስተካከያ ፕለጊን፣ ማለት መቅጃው ፕሮግራም ላይ ሚጨመር መሳሪያ ገብቶ እያንዳንዷ ኖታ ቀጥ ተደረገች። ወጣ። ጽድት ያለ ነገር ነው፣ ስህተት ፈልገህ አታገኝበትም። ሁለቱንም ይዛ መጣችና አጫወተችልን፣ ያኔ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ የስቱዲዮው ሲያልቅ «አሪፍ ነው፣ አሪፍ ነው» ተባለ፣ የሌሊቱ ሲያልቅ ግን ማንም አሪፍ ነው ለማለት አልደፈረም፣ አንዱማ ተነስቶ ወጣ፣ ለምን እንደወጣ ሁላችንም አውቀናል።

ከዛ ምን ተደረገ መሰላችሁ፣ ከመሀላችን አንዱ «የሌሊቱን ቮካል ስጪኝ» አላት። ችግሩ ያለ ክሊክ ነው የተዘፈነው፣ ስትዝን ይዘገያል፣ ስትናደድ ይፈጥናል። ሌላ ሰው ቢሆን ድምጿን ቆራርጦ መስመሩ ላይ ይገጥመው ነበር። እሱ ገልብጦ ሰራው፣ የቴምፖ ማፕ አወጣላት፣ ማለት የመቅጃ ፕሮግራሙን ባሮች፣ የምት መስመሮቹን፣ እያንዳንዳቸውን እየጎተተ እሷ ያለችበት ቦታ ላይ አስቀመጣቸው፣ ከዛ ቤዙም ጊታሩም የሷን ትንፋሽ ተከትለው ገቡ። ፍሪጁን ትንሽ ቀነሱት እንጂ አላጠፉትም፣ ወንበሩን ተዉት። አልበሟ ላይ ያለው ይሄ ነው። ኮሚሽን ሳይከፈለኝ ላስተዋውቅላት፣ ስሙት!

እና አሁን ምን እንደሚያናድደኝ ልንገራችሁ። ሚያናድደኝ ያንን ሰምቶ «ምርጥ ነው፣ አሁን በደንብ ስሩት» ሚል ሰው ነው። በደንብ ማለት ምንድነው? ማን ነው በደንብ ሚባለውን የወሰነው? ዘፈኑን ጻፍኩት፣ ዜማውን አወጣሁት፣ ተጫወትኩት፣ ዘፈንኩት፣ ቀዳሁት፣ ሰውየው ገና «አሁን ወደ ስራ እንግባ» ይለኛል! ይሄ ነገር ከውጪ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፣ እኛም ውስጣችን አስገብተነዋል። ባለፈው ስራችንን ስንሰማማ፣ ማዳመጫው ላይ፣ ስንቱ ነው ከማጫወቱ በፊት ይቅርታ የጠየቀው? «ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ማይኩ ርካሽ ነው፣ ገና ዴሞ ነው፣ በኋላ ይስተካከላል»። ለማን ነው ይቅርታው? ቢሊ አይሊሽ እና ወንድሟ ፊንየስ የመጀመሪያ አልበማቸውን መኝታ ክፍል ውስጥ ሰርተው በ2020 የአመቱ አልበም ግራሚ ወስደዋል፣ ከዛ በኋላም «መጀመሪያ ትክክለኛ ስቱዲዮ ይኑርህ» ሚል ሰው አለ። ትክክለኛው ማይክ እስኪገዛ ብሎ ዘፈኑን አስቀምጦ፣ ማይኩን ገዝቶ፣ ከዛ ፕሪአምፕ፣ የማይክ ማጉያው፣ እስኪገዛ ብሎ፣ ፕሪአምፑን ገዝቶ፣ ዘፈኑን የረሳ ሰው አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ መስታወት ላይ ታዩታላችሁ። የእቃ ሻጭ ስራው መሸጥ ነው፣ በሱ አልፈርድም። ዘፈን ጽፎ ዘፈኑን ሚያስጠብቅ ሰው ላይ ግን እፈርዳለሁ!

(እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ ሰአቱ እየሄደ ነው።)

ያልኩትን አጣማችሁ እንዳትወስዱት ግን። ዝርክርክ ሁኑ አላልኩም፣ እንደውም ተቃራኒውን ነው ምለው። ዴሞው አልበም ሊሆን ይችላል ብላችሁ ካመናችሁ ስትቀዱት እንደዛ ቅዱት። ጫጫታ ይቀነሳል፣ የተሳሳተ ኮርድ በሌላ ይተካል፣ የተቃጠለ ድምጽ ግን፣ ክሊፕ ያደረገ፣ ከልኩ በላይ ገብቶ የተቆረጠ ቮካል ማለቴ ነው፣ አይድንም። ስለዚ ቅጂውን 24 ቢት ላይ አድርጉትና ጌይኑን፣ ማለት የማይኩን መቀበያ ከፍታ፣ ዝቅ አድርጉት፣ ከፍተኛው ጩኸታችሁ ኔጌቲቭ 12 ዲቢ አካባቢ ቢመታ በቂ ነው፣ ዲቢ የጩኸት መለኪያ ነው፣ ጣሪያው ዜሮ ነው። አንድ ቢት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምጽ 6 ዲቢ ገደማ ቦታ ነው ሚሰጠው፣ 16 ቢት 96 ከሆነ 24 ቢት በቲዎሪ 144 ነው፣ ያ ሁሉ ቦታ እያለ ለምንድነው ቀዩ መብራት ጋ ምንጋፋው? ድሮ ካሴቱ ስለሚያፏጭ ነበር ከፍ ሚደረገው፣ አሁን ያ ምክንያት የለም። ሪቨርብ፣ የማስተጋባት ኢፌክቱን፣ ለስሜት ከፈለጋችሁ ሄድፎን ላይ ስሙት እንጂ ድምጹ ላይ አትቅዱት፣ አንዴ ከገባ አይወጣም። በስልክ ምትቀዱ ከሆነ ስልኩ ድምጹን ራሱ ከፍ ዝቅ እንዳያደርግባችሁ ሚከለክል አፕ ፈልጉ። ክሊክ ካልወደዳችሁ ተዉት፣ ግን በስንት ቴምፖና በምን ቁልፍ እንደተጫወታችሁት ፋይሉ ስም ላይ ጻፉ፣ ጊታሩ እንዴት እንደተቃኘም ጭምር፣ ከወራት በኋላ አታስታውሱትም። ድምጼ ዘግይቶ ይመጣብኛል ለምትሉ፣ በፈር፣ ማለት ኮምፒውተሩ ድምጹን አንድ ላይ ሚያጠራቅምበት፣ 128 ሳምፕል በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ላይ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ መግቢያና መውጫው ተደምሮ ትንሽ ይጨምራል፣ ድምጽ በአየር 1 ሜትር ለመሄድ ሚፈጅበትም ወደ 3 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚ ከስፒከር ሁለት ሶስት ሜትር ርቆ መዝፈን ማለት ነው፣ ትለምዱታላችሁ። ካልለመዳችሁ ኢንተርፌሱ፣ ማይኩን ከኮምፒውተሩ ሚያገናኘው እቃ፣ ላይ ያለችውን የቀጥታ መስሚያ ቁልፍ ተጫኑ። እና ሲያልቅ እያንዳንዱን ትራክ ከዘፈኑ መነሻ ጀምሮ ዌቭ፣ ማለት ያልተጨመቀ የድምጽ ፋይል፣ አድርጋችሁ አውጡት፣ ፕለጊን ይሞታል፣ ፕሮግራም ይቀየራል፣ ዌቭ ግን ይከፈታል።

ሁለተኛ፣ ክፍል። ከዴሞ ጋር አንድ ነገር ብቻ ያገናኘዋል፣ ከጫጫታ ቀጥሎ ሚያስቸግረው የክፍሉ ማስተጋባት ነው፣ ቮካሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው። ቀጭን ስፖንጅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀጭኑን ድምጽ ነው ሚወስደው፣ ቤዙ ስቆ ያልፋል። የ100 ኸርዝ ወፍራም ድምጽ ሞገዱ 3.4 ሜትር ነው፣ ስፖንጅ በደንብ ሚውጠው ውፍረቱ ወደ ሞገዱ ሩብ ሲጠጋ ነው፣ ሩቡ 85 ሴንቲሜትር፣ ያቺ ጣት ማታክል ስፖንጅ ምን ታደርገዋለች። የእንቁላል ካርቶንማ ባንነጋገርበት ይሻላል። ወፍራም ብርድ ልብስ ከዘፋኙ ጀርባ፣ ወይ ልብስ የሞላ ቁምሳጥን ፊት ለፊት፣ ለቮካል ይበቃል።

ሶስተኛ፣ ሚክስ። ድምጹን ሁሌ አንድ ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ስሩ፣ ምክንያቱም ድምጹ ዝቅ ሲል ጆሮ ቤዝ በደንብ አይሰማውም፣ ይሄን ፍሌቸር እና ማንሰን ሚባሉ ተመራማሪዎች በ1933 ለክተውታል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ማስተር ስታደርጉ ደግሞ እንዲጮህ ብላችሁ አትጨፍልቁት፣ ስፖቲፋይ ወደ ኔጌቲቭ 14 ሉፍስ አካባቢ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሉፍስ አማካይ ጩኸት መለኪያ ነው፣ ያተረፋችሁት ጩኸት ይቀነስና የጨፈለቃችሁት ብቻ ይቀራል።

አራተኛ፣ መልቀቅ። አብራችሁ የሰራችሁት ሰው ካለ ድርሻችሁን ሳይለቀቅ በፊት ጻፉት፣ ተፈራረሙ፣ ጓደኛሞች ብትሆኑም፣ በተለይ ጓደኛሞች ከሆናችሁ። አይኤስአርሲ ኮዱ፣ የቅጂው መለያ፣ ባለ 12 ፊደልና ቁጥሩ፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ ለየብቻ ነው። ሌላውን አከፋፋዩ፣ ዘፈኑን ለነስፖቲፋይ ሚያደርሰው፣ ይጠይቃችኋል፣ ቅጹን ሙሉ።

አሁን ወደ ማዳመጫው ነው ምንሄደው። ፋይላችሁን ላፕቶፑ ጋ ላለው ልጅ ስጡት፣ ዌቭ ቢሆን ደስ ይለናል፣ ኤምፒስሪም ከሆነ እናጫውታለን። ከማጫወታችሁ በፊት ስማችሁንና የዘፈኑን ርዕስ ብቻ ነው ምትናገሩት፣ ከዛ ያለፈ ቃል ካወጣችሁ ተራችሁን ለሚቀጥለው አሳልፋለሁ፣ ቀልድ አይደለም። ስለ ማይክ መጠየቅ ሚፈልግ እረፍት ሰአት ውጪ ይጠይቅ። እሺ፣ ማን ነው ቀዳሚው?