ፊውዙን በሽቦ አትተኩት! የጀልባ ባትሪ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ባትሪ ሲፈታ የትኛው ገመድ ይቀድማል?

መልስ፦ ኔጌቲቩ። ሲገጠም ደግሞ ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሁለቱም መፈታታቸው ካልቀረ ቅደም ተከተሉ ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል እንጂ! የሞተሩ ብረት ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው ሞተሩን ከነካ ሾርት ያደርጋል፣ መፍቻውም እጃችሁ ላይ ይግላል። ቀለበትና የብረት ሰዓትም አውልቁ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ የውሃ ማስወጫ ፓምፔ ፊውዝ ቶሎ ቶሎ ይቃጠልብኝ ነበር። በመዳብ ሽቦ ተካሁት፣ አሁን በደንብ ይሠራል። ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ አውጣው። «በደንብ ይሠራል» ያልከው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከሚችለው በላይ ከረንት ሲመጣ ከሽቦው ቀድሞ እንዲቃጠል ነው። አንተ የተካኸው መዳብ አይቀድምም፣ ስለዚህ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። ብዙ ሰው «12 ቮልት ምን ያደርጋል? አይነዝር!» ይላል። አዎ፣ አይነዝርም። ግን የጀልባ ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በመቶዎች የሚቆጠር፣ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከሺህ በላይ አምፔር ይለቃል፤ ቀጭን ሽቦ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ልባሱ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ እዚያው አጠገብ ደግሞ የነዳጅ ቱቦ አለ። ውሃ መሀል እሳት ቢነሳ ወዴት ትሸሻለህ?

ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ምክንያት አለው። ፓምፑን ክፈትና መዞሪያውን እይ፣ ክር ወይም የፌስታል ቁራጭ ተጠምጥሞበት መዞር አቅቶት ይሆናል። እሱ ንጹሕ ከሆነ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅህ እየዳሰስክ ተከተለው፣ በተለይ በግድግዳ ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ተልጦ ታገኘዋለህ። ከዚያ ፓምፑ ላይ የተጻፈውን የፊውዝ አምፔር የሚያክል ፊውዝ ግጠም፣ ከፍ ያለ አይደለም። ቦታው ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ነው፣ ከባትሪው 18 ሴንቲሜትር ሳይርቅ። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ነገር የለም፣ ለዚህ ነው አጭር የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ሬዲዮውንም መብራቱንም ባትሪው ራስ ላይ ብደራርባቸውስ?

መልስ፦ አንድ ራስ ላይ ከአራት የሽቦ ጫፍ በላይ አይደረብ፣ ወፍራሙ ከታች ይሁን። የቀሩትን ወደ ፊውዝ ሳጥን ውሰዷቸው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፊውዝ፣ አሁንም ፊውዝ! ወፍራም ገመድ ላይ ደግሞ በእጅ የሚጠብቀውን ባለ ክንፍ ዳዶ አትጠቀሙ። የሞተሩ ንዝረት ያላላዋል፣ የላላ ደግሞ ይግላል። በመፍቻ የሚጠብቅ ዳዶ ከመቆለፊያ ሮንዴላ ጋር ይሁን።

ጥያቄ፦ ባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ይወጣል።

መልስ፦ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ! ከዚያ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጡና በብሩሽ ፈትጉት፣ ክዳኖቹ ግን ጥብቅ ብለው ይዘጉ። አድርቁ፣ ግጠሙ፣ አጥብቁ፣ በመጨረሻ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት።

ጥያቄ፦ ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ክፍሉን ብዘጋው?

መልስ፦ አትዝጊ እህቴ። ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ ነባሩ የአሲድ ባትሪ ላይ ሊቲየም ጨምሬ በአንድ ቻርጀር መሙላት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሁለቱ የሚሞሉበት ቮልቴጅ አንድ አይደለም፣ ዲናሞውም ሊቃጠል ይችላል። ይሄን በስልክ አላሠራህም። የጀልባ ኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ጀልባህን ይየው።