ዜሮና ባዶ ሳጥን

የተከበራችሁ መምህራን፣ ዘንድሮ በኢኮሎጂና በዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የጀመራችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ አንዲት ሳጥን ላውራችሁ። የዳታ ቅጽ ላይ ስላለች ትንሽ ሳጥን። ተማሪ ሳለሁ ወፍ እቆጥር ነበር። ካየሁ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ካላየሁ ባዶ እተዋለሁ። የለማ፣ ምን ልጻፍ? ከወራት በኋላ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ጉዴ ፈላ። ያቺ ባዶ ሳጥን «ሄጄ አጣሁ» ናት ወይስ «ዘነበና ቀረሁ»? የማውቅበት መንገድ የለም። የወቅቱን ልፋት ግማሹን ውኃ በላው። ዜሮ ራሱ ዳታ ነው። ባዶ ግን ምንም አይደለም።

ብዙዎቻችሁ ትልልቅ ጥያቄ ይዛችሁ መጥታችኋል። ደግ ነው። ብቻ ጥያቄው መጨረሻ ላይ የሚቆጠር ነገር ላይ ይረፍ። አሜሪካዊው ኢኮሎጂስት ሮበርት ማክአርተር ለዶክትሬቱ የያዘው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ነፍሳት የሚለቅሙ አምስት ተቀራራቢ የወፍ ዝርያዎች እንዴት በአንድ ደን አብረው ይኖራሉ? ሥራው ግን ማንም የሚገባው ነው። ዛፉን በክፍል በክፍል ለይቶ፣ ወፏ የትኛው ላይ ስንት ሴኮንድ እንደቆየች መዘገበ። አንዷ ጫፉን ታዘወትራለች፣ ሌላዋ ታችኛውን ቅርንጫፍ። ጽሑፉ በ1958 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ እስከ ዛሬ እናስተምረዋለን።

ላብራቶሪ የምትውሉትም አታመልጡም። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ሪቻርድ ሌንስኪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያ በ12 ብልቃጥ ማሳደግ ጀመረ። በየ500 ትውልዱ ናሙና ፍሪዘር ይገባል። ከ31,000 ትውልድ በኋላ አንዱ ብልቃጥ ከወትሮው ይልቅ ደፈረሰ። ለካ ባክቴሪያው ብልቃጡ ውስጥ የነበረውን ሲትሬት የተባለ ውህድ፣ ኦክስጅን ባለበት ወትሮ የማይበላውን፣ መብላት ለምዷል! ያኔ ተማሪ የነበረው ዛካሪ ብላውንት ፍሪዘሩን ከፍቶ የቀድሞዎቹን እንደገና አሳደገ። ችሎታው የተደገመው ከ20,000ኛው ትውልድ ወዲህ ከተቀመጡት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች ተፈትሸው፣ ዜሮ። መንገዱ ቀድሞ በሌላ ለውጥ መጠረግ እንደነበረበት የነገረን ያ ዜሮ ነው።

አማካሪ እንዴት እንደሚመረጥ ጠይቃችሁኝ ነበር። እሱን ሳይሆን ተማሪዎቹን ጠይቁ፣ በተለይ አቋርጠው የሄዱትን።

ነገ ማለዳ ፊልድ የምትወጡ አላችሁ አሉ። እርሳስ ያዙ፤ የአንዳንድ እስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይታጠባል። መቅረጫውንም እንዳትረሱ።

አመሰግናለሁ።