ለጉበት በተወጋ መድኃኒት ስለሚጎዳ ዓይን

የተከበራችሁ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና የሙያ ባልደረቦቼ፤

ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሲከበር ስለ ጉበት ብዙ መነገሩ ተገቢ ነው። እኔ ግን የዓይን ሐኪም እንደ መሆኔ፣ ለጉበት ሲባል የሚሰጠው ኢንተርፌሮን የተባለ መርፌ በዓይን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1989 ከታወቀ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሕክምናው በዚህ መርፌ ላይ የቆመ ነበር። በአገራችን በብዛት የሚገኘውን አራተኛውን የቫይረሱን ዝርያ ለማከም፣ መርፌው ከሪባቪሪን ክኒን ጋር ለ48 ሳምንታት ይሰጥ ነበር። ትኩሳቱን፣ ቁርጥማቱንና ድባቴውን ታካሚው ራሱ ይናገራል፤ በዓይኑ ውስጥ የሚሆነውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተዘገበው፣ መድኃኒቱ በረቲና፣ ማለትም ብርሃንን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊዘጋ ይችላል። ደም የተነፈገው ሥፍራ ሲያብጥ ባዘቶ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ አጠገባቸውም ደም ይፈሳል። ይህ የሚከሰተው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ እይታን ሳይቀንስ፣ መድኃኒቱ ሲያበቃ፣ አንዳንዴም ሳይቋረጥ ይጠፋል። አልፎ አልፎ ግን የረቲና ደም መላሽ ሥር ይዘጋል ወይም የዓይን ነርቭ ደም ያጣል፤ ያን ጊዜ የጠፋው ብርሃን ላይመለስ ይችላል። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የዓይን ምርመራ ይደረግ የምንለው ስለዚህ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሳይመረመር ጀምሮ በሦስተኛው ወር ደም ቢታይበት፣ ጥፋቱ የስኳሩ ይሁን የመድኃኒቱ ለመለየት ያስቸግራል፤ ሐኪሙም ወይ የሚያስፈልገውን ሕክምና በከንቱ ያቋርጣል፣ ወይ የሚጎዳውን ይቀጥላል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ነገሩ አልፎበታል ይላሉ። እውነት ነው፣ ሶፎስቡቪር የተባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ሄፓታይተስ ሲ በአብዛኛው በ12 ሳምንት ክኒን ይድናል። ይሁን እንጂ ኢንተርፌሮን ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው ብቻ ለሚይዘው ለሄፓታይተስ ዴልታና ለአንዳንድ የሄፓታይተስ ቢ ታካሚዎች ዛሬም ይታዘዛል፤ ስለዚህ አላለፈበትም እላለሁ። ለሄፓታይተስ ቢ ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር የምትወስዱ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ እናንተን አይመለከትምና አትደንግጡ፤ ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ጉበትን በብርቱ ሊያስቆጣ ይችላል።

ምርመራው ቀላል ነው። የዓይንን ብሌን የሚከፍት ጠብታ ይደረግና ረቲናው ይታያል። ለጥቂት ሰዓታት እይታ ስለሚደበዝዝ ሰው ይዛችሁ ኑ፤ መኪናም አትንዱ። ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ በሕክምናው መካከልም እየተመላለሳችሁ ታዩ። ድንገት ዓይናችሁ ቢጨልም ወይም የእይታችሁ ከፊሉ ቢጋረድ ቀጣዩን መርፌ ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ክፍል ኑ፤ መድኃኒቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን የጉበት ሐኪማችሁና እኛ ተነጋግረን እንወስናለን።

አመሰግናለሁ።