ስማቸው የማይጠራው ካሜሮኖች

አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ እንኳን ለሚያዝያ 27 አደረሳችሁ።

ስለ አርበኞቻችን ከእኔ በፊት የተናገሩት አሳምረው ስለተናገሩ አልደግመውም። እኔ የመጣሁት ስለ ጎረቤቶቻችን አያቶች ላወራ ነው። አዎ፣ ስለ እነዚሁ ስለ ስኮትላንዶቹ።

ጦራቸው ሁለተኛው የካሜሮን ሃይላንደርስ ሻለቃ ይባላል፣ ባጭሩ ካሜሮኖቹ። የሬጅመንቱ ሰፈር የሰሜን ስኮትላንዷ ኢንቨርነስ ነበረች፤ ልጆቹን የሚመለምለው ከዚያው ከደጋውና ከምዕራብ ደሴቶቹ ነበር። 1933 ዓ.ም. ላይ ከህንድ ወታደሮች ጋር ሆነው ጣሊያንን እያሳደዱ ከረን ደረሱ። ከረንን የምታውቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ከአቆርዳት የሚመጣው መንገድ በጠባቡ የዶንጎላስ ገደል ነው የሚገባው፣ ጣሊያን ደግሞ ገደሉን በድንጋይ ዘግቶ ተራራው ላይ ቁጭ ብሏል። ጥር 26 ቀን ካሜሮኖቹ ከሳንኪል ተራራ በታች ያለውን ሸንተረር ወጥተው ያዙ። እስከ ዛሬ የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች የካሜሮን ሸንተረር ይሉታል።

መያዙስ እሺ። መቆየቱ ነው ጉዱ! መሬቱ አለት ስለሆነ ምሽግ አይቆፈርም፤ ድንጋይ ክበህ ከጀርባው ትተኛለህ። ሞርታር ሲወድቅ የሚቆርጥህ ብረቱ ብቻ አይደለም፣ የድንጋዩ ስንጣሪም ነው። ጣሊያን ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያይሃል፣ የእጅ ቦምብ ያንከባልልብሃል። ውሃው ታች፣ ጥይቱ ታች፣ ምግቡ ታች። ሁሉም በሰው ጀርባ ነው የሚወጣው፣ ቁስለኛውም በሰው ትከሻ ነው የሚወርደው፣ ያውም በዚያ ፀሐይ። እንዲህ ሆነው ሳምንታት ቆዩ። መጋቢት 6 ደግሞ ወደ ላይ ውጡ ተባሉ፣ ወጡ፣ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፣ ተራራውም አልተያዘም። ከረን የተለቀቀችው መጋቢት 18 ነው። በእንግሊዝ በኩል በጠቅላላው 536 ሰው ሞቷል፣ 3,229 ቆስሏል። አብዛኞቹ ህንዶች ናቸው።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ባለፈው በዓላችን ላይ ይህን ሳነሳ አንድ ወንድማችን "እንግሊዝ ለጥቅሙ ነው የመጣው" ብሎ አስጨበጨበ። ለጥቅሙማ ነው! ማን ካደ? ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን የ1934ቱን ስምምነት አውቃለሁ፣ አማካሪ ነን ብለው የተጫኑብንን አውቃለሁ፣ ኦጋዴንን ይዘው ምን ያህል እንዳንገላቱን አውቃለሁ። ግን ያንን ወረቀት የፈረመው ከደሴት የመጣው የአሳ አጥማጅ ልጅ ነው እንዴ? እሱ ወረቀቱ ሲፈረም ከረን አፈር ውስጥ ነበር! ከሎንዶን ሹማምንት ጋር ያለንን ቂም ለምንድነው የሞተ ወታደር ላይ የምንወጣው?

ደግሞ ካርታውን እዩት። ጣሊያን ከረንን ለማዳን የሳቮያ ግሬናዴሮቹን ከአዲስ አበባ ነው አንስቶ የላከው። ምርጥ ጦሩ ነበር። ያ ጦር ሳንኪል ላይ ባይጠመድ፣ አርበኞቻችንም በየጫካው ጣሊያንን እግር ከወርች ባያስሩት፣ መጋቢት 28 አዲስ አበባ እንደዚያ በቀላሉ ትለቀቅ ነበር? ይህንን የምለው የአርበኛውን ድል ለመቀነስ አይደለም፣ እንዳታጣምሙብኝ።

ከጣሊያን ጎን ስለሞቱት አስካሪዎች፣ ማለትም ጣሊያን ከቅኝ ግዛቱ ስላሰለፋቸው ወታደሮች፣ ዛሬ አልገባም። እሱ ራሱን የቻለ ቁስል ነው፣ የኤርትራ ወንድሞቻችን ባሉበት ደህና ጊዜ ተይዞለት ይወራ። ካሜሮኖቹም ከከረን በኋላ አላረፉም፤ በሦስት ወር ውስጥ ግብጽ ድንበር ሃልፋያ ላይ ተመቱ፣ በዓመቱ ሊቢያ ውስጥ ቶብሩክ ላይ ሌላው ጦር እጁን ከሰጠ በኋላ እስከ ማግስቱ አንሰጥም ብለው ቆይተው ተማረኩ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለአርበኞቻችን የህሊና ጸሎት ከማድረጋችን በፊት ስማቸውን እንጥራ፤ ካሜሮኖቹንም፣ ህንዶቹንም። ኮሚቴው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ እንቢ የሚል ካለ አሁን እጁን ያውጣ። ከሌለ ከመጪው ሚያዝያ ጀምሮ ፕሮግራሙ ላይ ይግባልኝ። አመሰግናለሁ።