አእምሯችን ለእውነት ይበቃል?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ስለ አንድ ዝምተኛ መነኩሴ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። አብረውት የተማሩት «ዲዳው በሬ» ይሉት ነበር ይባላል። ስሙ ቶማስ አኩዊናስ ነው፣ ጣሊያናዊ። እ.ኤ.አ. ከ1256 እስከ 1259 በፓሪስ ሲያስተምር፣ እውነት ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዞ ብዙ ደከመ።

መልሱ አጭር ነው። እውነት የአእምሮና የነገሩ መመጣጠን ነው። ውጭ እየዘነበ «ይዘንባል» ካልኩ እውነት ተናገርኩ፣ በቃ። ፍቺውን የኔ ነው አላለም። ከይስሐቅ እስራኤሊ አገኘሁት ይላል። ይስሐቅ በሰሜን አፍሪካ፣ በቃይሩዋን የኖረ አይሁዳዊ ሐኪም ነው። የኋላ ተመራማሪዎች ግን በይስሐቅ መጽሐፍ ፈልገው አጡት፤ ይልቅ ወደ ሙስሊሙ ፈላስፋ ወደ ኢብን ሲና ይጠቁማሉ። ያም ሆነ ይህ፣ የቤተ ክርስቲያን መምህር ሆኖ የአይሁድ ሐኪም ስም ለመጥራት አላፈረም። ለኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን የሚታረመው ማን ነው፣ አእምሮ ወይስ ነገሩ? የሚጥመኝ እዚህ ጋ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ንድፉን በልቡ ይዟል። ቤቱ ከንድፉ ካልገጠመ የተበላሸው ቤቱ ነው። እኛ ግን እንግዶች ነን። ሦስት መስኮት ያለውን ቤት ሁለት ነው ብንል፣ የሚታረመው የኛ ሐሳብ ነው፤ ግድግዳ አይፈርስልንም። ቶማስ ፍጥረትን የሚያየው እንዲህ ነው። ፍጥረት በሁለት አእምሮዎች መካከል ይቆማል። የእግዚአብሔር አእምሮ ይለካዋል፤ ፍጥረት ደግሞ የኛን አእምሮ ይለካል። እኛ በእጃችን ከሠራነው በቀር የምንለካው የለንም።

ቶማስን «ሁሉን በጭንቅላቱ ሊያስገባ የፈለገ» እያሉ የሚያሙት አሉ። አልስማማም። የሐዋርያትን የሃይማኖት መግለጫ ሲያብራራ፣ የአንዲት ዝንብ ባሕርይ እንኳ ጨርሶ የመረመረ ፈላስፋ የለም ብሏል። የንብን ባሕርይ ላውቅ ብሎ ሠላሳ ዓመት ብቻውን የኖረ ፈላስፋም ያነሳል። ሠላሳ ዓመት፣ ለንብ!

ስለ ዝንቧ የምለው ትንሽ ነገር ልክ ሊሆን ይችላል። ዝንቧ ግን ካልኩት ትተርፋለች። ልክ ለመናገር ሁሉን ጠቅልሎ መያዝ ግድ አይደለም። ስለ ፈጣሪማ ከሆነ፣ በሰማይ ያሉ ቅዱሳን እንኳ ያዩታል እንጂ ጠቅልለው አይዙትም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1273 መጨረሻ፣ አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ ከቆየ በኋላ መጻፍ አቆመ። ትልቁ ሥራው ሳያልቅ ቀረ። ረዳቱ ሬጂናልድ ቀጥል ብሎ ቢለምነው፣ ካየሁት ጋር ሲተያይ የጻፍኩት ሁሉ ገለባ መሰለኝ አለው። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ወር ላይ ሞተ። አንዳንዶች ይህን ሥራውን እንደ መካድ ያነቡታል። እኔ አይመስለኝም። ስህተት ነው አላለም፤ ያነሰበት ካየው ጋር ሲያስተያየው ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እግዜር ይስጥልኝ።