ወደ ባልዲው ከመግባቱ በፊት ምላሱን ንኩ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ይህን መድረክ ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ለምንኖር ሰዎች ትልቅ በረከት ደጃችን ላይ ተኝቷል። ሬይ ሀባርድ ሐይቅ በመኪና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ከሱ በላይ ላቮን አለ። ወደ ሰሜን እስከ ኦክላሆማ ድንበር ብትነዱ ቴክሶማን ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን ግን በድልድዩ ላይ ወደ ሥራ ስንከንፍ ውሃውን ዘወር ብለን እንኳ አናየውም።

ጊዜው ደግሞ ደርሷል። የካቲት ገብቷል። ከአሁን ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ዋይት ባስ የሚባለው ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ይጓዛል። የቴክሳስ ሰው ሳንድ ባስ ይለዋል፤ ሲያቆላምጠው ደግሞ ሳንዲ። እንዴት እንደሚያዝ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በላይ የምፈልገው ግን የያዛችሁት ዓሣ የትኛው እንደሆነ እንድታውቁ ነው። ቁርጥ እሱን የሚመስሉ ዘመዶች አሉት፤ ሕጉም ለሁሉም አንድ አይደለም።

በመጀመሪያ ለምን ወደ ላይ እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ይህን ያወቀ ሰው የት መቆም እንዳለበት አይጠፋውም። ውሃው ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ወንዶቹ ቀድመው ይነሳሉ። ሴቶቹ ኋላ ይከተላሉ። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው የሚፈስ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ፣ ጠጠር ባለበት ነው። አንዷን ሴት ብዙ ወንዶች ይከቧታል። እንቁላሉ ወደ ታች ሰምጦ ጠጠሩ ላይ ይጣበቃል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል። ወላጆቹ አይጠብቁትም። ጥለውት ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

ስለዚህ ጠጠር ፈልጉ፤ የሚፈስ ውሃ ፈልጉ። ከሬይ ሀባርድ የሚነሳው ዓሣ ኢስት ፎርክ በሚባለው ወንዝ በኩል ወደ ላቮን ግድብ ይወጣል። ራቅ ማለት ለማይከብደው ደግሞ ኮሎራዶ ቤንድ ስቴት ፓርክ አለ። እዚያ ዋይት ባስ ከቡካናን ሐይቅ ተነስቶ ኮሎራዶ ወንዝን ሽቅብ ይወጣል። በቴክሳስ ስቴት ፓርክ ውስጥ ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ሰው ፈቃድ አያስፈልግም። የመግቢያውን ከፍላችሁ ቤተሰቡን ይዛችሁ መግባት ነው። በሌላው የሕዝብ ውሃ ግን ዕድሜው 17 የሞላ ሰው በአብዛኛው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይህን አትርሱ።

ዕቃው ቀላል ነው። ቀጠን ያለ ዘንግ፣ 6 ወይም 8 ፓውንድ የሚችል ክር፣ ከዚያ ትንሽ ጂግ። ጂግ ማለት ጭንቅላቱ ላይ እርሳስ ያለው መንጠቆ ነው። ነጭ ወይም ቢጫ አረንጓዴ የላስቲክ ጭራ ታለብሱታላችሁ። ከ3 ግራም ብዙም የማይከብደው ይበቃል። ውሃውን አቋርጣችሁ፣ ትንሽ ወደ ላይ አድርጋችሁ ጣሉት። ወንዙ ይዞት ይውረድ። እናንተ ክሩ እንዳይላላ ብቻ ቀስ እያላችሁ ጠምጥሙ። ድንጋይ ጀርባ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ትንሽ ጅረት የሚቀላቀልበት ቦታ፣ ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ዓሣው ይቆማል። አንድ ከያዛችሁ ቦታ አትቀይሩ። ብቻውን አይሄድም፤ ጓደኞቹ እዚያው ናቸው።

በበጋ ነገሩ ይለወጣል። ሐይቁ ላይ ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻድ የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች ከታች ወደ ላይ እያባረረ ይበላል። ውሃው ይናጣል፤ ወፎች ከላይ ይወርዱበታል። ጀልባ ያላችሁ ሰዎች መሃሉ ድረስ አትግቡ። ከዳር ቆማችሁ ጣሉ፤ ካልሆነ ሁሉም ይበተናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

አገር ቤት ይህ ችግር አልነበረብንም። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የቆመ ሰው ቆሮሶን ከአምባዛ አያምታታም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው፣ አለቀ። እዚህ ያሉት አራቱ ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዋይት ባስ፣ ስትራይፐር፣ ሃይብሪድ፣ የሎ ባስ። ሁሉም ጎናቸው ላይ ከጭንቅላት ወደ ጭራ የተሰመረ ጥቁር መስመር አላቸው።

ስትራይፐር መነሻው አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ሊወልድ ወደ ወንዝ የሚገባ የባሕር ዓሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ግድብ ተሠርቶ መመለሻው ሲዘጋበት ግን ጨው በሌለው ውሃም ኖሮ መራባት እንደሚችል ታየ። ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ግዛቶች ተወሰደ። ሃይብሪድ ደግሞ ሰው ያዳቀለው ነው። ብዙውን ጊዜ የሴት ስትራይፐር እንቁላል ከወንድ ዋይት ባስ ጋር ተዳቅሎ በመንግሥት የዓሣ ማራቢያ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ወደ ሐይቅ ይለቀቃል።

ብዙ ሰው የሚለየው በመስመሩ ነው። እውነት ነው፣ ዋይት ባስ መስመሩ ፈዘዝ ይላል፤ ጭራው ድረስ የሚዘልቀው አንዱ ብቻ ነው። በስትራይፐር ላይ መስመሩ ደማቅ ነው፤ በርከት ያሉትም ጭራ ይደርሳሉ። የሃይብሪድ ደማቅ ሆኖ የተቆራረጠ ይሆናል። ግን በመስመር ብቻ አትተማመኑ። ከደፈረሰ ውሃ የወጣ ዓሣ መስመሩ ይደበዝዛል። ትንሽ ሃይብሪድና ትልቅ ዋይት ባስ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ዓይን ያታልላል።

ቅርጹንም ተመልከቱ። ስትራይፐር ረዘም ቀጠን ያለ ነው፤ ወርዱ ከርዝመቱ ሲሶ አይሞላም። ዋይት ባስና ሃይብሪድ ግን ሁለቱም ወፈር ያሉ፣ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ ነው። ስለዚህ ቅርጹ ስትራይፐርን ይለይላችኋል፤ ሁለቱን ግን አይለይም።

የሚለየው ምላሱ ነው። የዓሣውን የታች ከንፈር በአውራ ጣታችሁ ያዙ። አትፍሩ፤ እንደ ውሻ የሚነክስ ጥርስ የለውም። የሚቆርጠው የጉንጩ ክዳን ጠርዝና የጀርባው እሾህ ነው፤ ከነሱ ተጠንቀቁ። ከዚያ ጣታችሁን ምላሱ ላይ አድርጋችሁ ወደ ጉሮሮው ጠጋ በሉ። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ነገር ታገኛላችሁ። መሃል ላይ አንድ ሻካራ ቦታ ብቻ ካለ ዋይት ባስ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ከሆኑ ሃይብሪድ ወይም ስትራይፐር ነው። ምንም ሻካራ ከሌለ የሎ ባስ ነው። የሎ ባስ ወደ ምሥራቅ ቴክሳስ፣ ለምሳሌ ካዶ ሐይቅ ላይ ይገኛል። ቀለሙ ወርቃማ ነው፤ የታችኞቹ መስመሮቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ ይሰበራሉ፤ ሁለቱ የጀርባ ክንፎቹም ሥራቸው የተያያዘ ነው። ዋይት ባስ ላይ ክንፎቹ የተለያዩ ናቸው።

ይህን ሁሉ የምለው ለምን መሰላችሁ? በቴክሳስ አጠቃላይ ደንብ ዋይት ባስ ርዝመቱ 10 ኢንች ከሞላ በቀን እስከ 25 መያዝ ትችላላችሁ። ስትራይፐርና ሃይብሪድ ግን 18 ኢንች መሙላት አለባቸው፤ ሁለቱ ተደምረው በቀን ከ5 አይበልጡም። ቴክሶማ የራሱ ደንብ አለው፦ 10 ዓሣ፣ ከነሱም 20 ኢንችና ከዚያ በላይ መሆን የሚችሉት 2 ብቻ። ሌላ ሐይቅ ስትሄዱ የዚያን ሐይቅ ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። ባልዲው ውስጥ 14 ኢንች የሆነ ሃይብሪድ ካለና የአደንና የዓሣ ሕግ የሚያስከብረው ጌም ዋርደን ከመጣ፣ «ሳንድ ባስ መስሎኝ ነው» ማለት አያድንም። ከተጠራጠራችሁ ሃይብሪድ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። 18 ካልሞላ ልቀቁት።

ቁጥሩ የተለያየው ዝም ብሎ አይደለም። ዋይት ባስ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሞታል። ከአራት ዓመት በላይ የሚኖረው ጥቂቱ ነው። የስትራይፐር እንቁላል ግን ጠጠር ላይ አይጣበቅም። እስኪፈለፈል ድረስ በሚፈስ ውሃ ላይ መንሳፈፍ አለበት፤ ለዚህም ረጅም ወንዝ ያስፈልገዋል። ቴክሶማ ሬድ ሪቨርና ዋሺታ የሚባሉ ወንዞች ስለሚገቡለት እዚያ ይራባል። በአብዛኞቹ ሐይቆች ግን ሃይብሪድም ስትራይፐርም ያለው ማራቢያ ጣቢያ ስለሚለቀው ብቻ ነው።

ዋይት ባስም ቢሆን የሚያልቅበት መንገድ አለው። የጣና አካባቢ ልጆች ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ክረምት ሲገባ ሊወልዱ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ። የወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነዚህ ዓሦች ክምችት በ75 በመቶ ገደማ መውረዱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ለመውለድ የሚሄድ ዓሣ በአንድ ጠባብ ቦታ ስለሚሰበሰብ መያዙ ቀላል ነው፤ አደጋውም ያ ነው። 25 ይፈቀዳል ማለት 25 ያዙ ማለት አይደለም። ለቤተሰባችሁ 8 ከበቃ 8 ይዛችሁ ግቡ። በእንቁላል የተነፋችውን ሴት መልሷት ብላችሁ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሕጉ አያስገድዳችሁም፤ እኔ ነኝ የምለምነው።

ስለ ምግቡ ጥቂት ልበልና ላብቃ። «ሳንድ ባስ ይሸታል» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። የሚሸተው ሥጋው አይደለም። ቆዳውን ስትገፉት በጎኑ መሃል የሚሄድ ቀይ ሥጋ ታያላችሁ። እሱን በስለታም ቢላ ቀጠን አድርጋችሁ አውጡት። ነጩ ብቻ ሲቀር ለጉላሽም ለጥብስም ግሩም ነው። ዓሣው ከውሃ እንደወጣ በረዶ ውስጥ መግባት አለበት፤ ፀሐይ ላይ አታቆዩት። ጭንቅላቱንና ጭራውን ግን ወንዝ ዳር አትቁረጡ። ቤት እስክትገቡ ድረስ መለካትና መለየት ቢቻል ይሻላል። ወቅቱ ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም ለፋሲካ ማስቀመጥ ለምትፈልጉ፣ ፊሌቶውን በላስቲክ ከረጢት ከትታችሁ ውሃ ሞልታችሁበት አየሩን አስወጡና ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ሳይደርቅ ይቆያል።

እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ በበረዶ የያዝኳቸው ሁለት ዓሦች አሉ። አንዱ ተለቅ ያለ ዋይት ባስ ነው፤ አንዱ 18 ኢንች የሞላ ሃይብሪድ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ጓንትም ሳሙናም ተዘጋጅቷል። ኑና ምላሳቸውን ንኩ፤ ልጆቹ ይቅደሙ።

አመሰግናለሁ።