ሐረግ የለበሰ ግድግዳ ቤት ያቀዘቅዛል? ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ

[ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ፀሐይ የመታው የብሎኬት ግድግዳ]

እጃችሁን እዚህ ግድግዳ ላይ አሳርፉ። ብዙ አትቆዩም፤ ይፋጃል። ግድግዳው ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው። ከቀትር በኋላ ዝቅ እያለች የምትሄደው ፀሐይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች፤ ብሎኬቱም ሙቀቱን ውጦ በዝግታ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ያ ሙቀት ክፍሉ ውስጥ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ የቤቱ ሰው ጋደም ሲል ነው።

ይህንኑ ግድግዳ ሐረግ እናልብሰው።

[ምስል፦ በሽቦ ላይ የወጣ የፓሽን ፍሩት ሐረግ፣ ከቅርብ]

ቅጠሉ ፀሐይዋን ከብሎኬቱ በፊት ይቀበላታል። ከፊሉን ብርሃን ይመልሳል፣ ከፊሉን ይውጣል። ሆኖም እንደ ብሎኬት አይግልም፤ ሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ቀዳዳዎች እያተነነ ይቀዘቅዛል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይወስዳል፤ ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ በ40 ደቂቃ የሚሰጠውን ያህል ማለት ነው። ይህ ቅዝቃዜ ሁሉ ወደ ክፍሉ አይገባም፤ አብዛኛው ከደጅ አየር ጋር ይሄዳል። ለቤቱ ትልቁ ጥቅም ጥላው ነው።

በሞቃት አገሮች በተደረጉ ልኬቶች፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት የተሸፈነው ግድግዳ ውጫዊ ገጽ ካልተሸፈነው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቀዝቅዞ ተገኝቷል። የክፍሉ አየር ልዩነት ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። አየር ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ሆቴል ወይም ባንክ ትርፉን በመብራት ሂሳቡ ላይ ያየዋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ግን የሚያተርፈው ብር ሳይሆን እንቅልፍ ነው፤ እኔ ይህንን ትንሽ ነገር አልለውም።

ከሐረጉ በፊት ግን ጣሪያውን ተመልከቱ። ፎቅም ኮርኒስም በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የቀን ሙቀት በዋናነት የሚወርደው ከላይ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ያውል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ያሉ ሰፋፊ ሼዶችም ከግድግዳቸው ጣሪያቸው ይበልጣል።

በውጭ አገር ፎቶግራፎች የምናያቸው፣ አፈር በተሞሉ ሳጥኖች የተደረደሩ የግድግዳ አትክልቶች በየቀኑ ውሃ፣ ፓምፕና ተቆጣጣሪ ይፈልጋሉ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አልመክራቸውም። ከመሬት ተተክሎ በሽቦ የሚወጣ ሐረግ ይበቃናል።

[ምስል፦ ወደ ደሴ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ]

አሁን ወደ ደሴ እንውጣ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ያደርሰናል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ደሴ ከኮምቦልቻ 4 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። እዚህ ምክሩ ይገለበጣል።

በጦሳ ተራራ ግርጌ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሰው ፀሐይ ፍለጋ ደጅ ይወጣል። በእነዚህ ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል የቤቱ ደቡባዊ ግድግዳና መስኮት ነፃ ማሞቂያ ናቸው። እሱን ዓመቱን ሙሉ በማይረግፍ ቅጠል መሸፈን ብርዱን ቤት ማስገባት ነው። ለምለም ስለሆነ ብቻ ደቡቡን የሚሸፍን ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። በደሴ ሐረግ የሚጠቅመው ብርዳም ነፋስ በሚመታው፣ ፀሐይ በማያገኘው ጎን ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ነፋሱን ሰብሮ ከግድግዳው ጋር የረጋ አየር ያቆያል። የፀሐይዋን መንገድ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በሁለቱም ከተሞች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ናት።

[ምስል፦ ከጭቃ ግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተወጠረ ሽቦ]

የጭቃ ቤት ላይ ሐረግ በቀጥታ አይለጠፍ። ሥሩ ምርጊቱን ይሰነጥቃል፣ የክረምቱ እርጥበትም ሳይደርቅ ይቆያል። ሽቦውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቃችሁ በራሱ ምሰሶ ላይ ወጥሩት። ለኮምቦልቻ ምዕራባዊ ግድግዳ ቡገንቪሊያም ፓሽን ፍሩትም ይሆናል። በሰኔ መጨረሻ ከዝናቡ ጋር ትከሉ፣ በመጀመሪያው በጋ ሥሩ ሥር ገለባ ጎዝጉዙ፣ አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃም ለእሱ አድርጉት።